የቸኮለ ወንዝ

እትብቴ የተቀበረው ካያኦ ወደብ ዳር፣
አየር ሳይቆጠር በሚጠጣበት አገር።
አሁን ግን እዚህ ነኝ፣ ላ ሪንኮናዳ ላይ፣
ደመናው ከእግሬ ስር፣ የጠቆረ ሰማይ፣
ወርቅ የሚወለድበት፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣
ውሻው እንኳ ቆሞ ተንፍሶ የሚጮህበት።

ሥራዬ ቀላል ነው። ከጆሮ ግንድ በላይ፣ አጥንት ከሳሳበት፣
ድምፅ እልካለሁኝ ደም ወደሚሮጥበት፤
ደም ሲመልስልኝ ፍጥነቱን እጽፋለሁ።

ሳቱርኒና ቾኬ ገባች ከሰዓት በኋላ፣
ከማዕድን ጥራጊ ድንጋይ ስትለቅም ውላ።
«ሴት ዋሻ ከገባች ወርቁ ይሸሻል» ተብሎ፣
ሃያ ዓመት ደጅ አለች፣ እጇ በመዶሻ ቆስሎ።
ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ሹሩባዋን ገፍታ፣
ተቀመጠች ዝም ብላ፣ እንደ ኩሬ ረግታ።

ሽው… አለ መሣሪያው። ሽው… ደግሞም ሽው…
«ምንድነው?»
            «ደምሽ ነው።»
«ይህን ያህል ቀስ? የኔ?»
            «የአንቺ።»
ሳቀች። «እኔስ ዕድሜ ልኬን የሮጥሁ ይመስለኝ ነበር።»

ማታ ግን የኔ ራስ በር ይደበድባል፣
እንቅልፍ የራቀው ዓይኔ ቆርቆሮ ይቆጥራል።
ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር ነገሩን፣
አሁን ግን ከውስጥ ነው የማነብ ምዕራፉን፦
አየር የሳሳ ቀን፣ ደም ጎዶሎ ሲሆን፣
አንጎል ይጮኻል፣ «ክፈቱልኝ በሩን!»
ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣
በጥራት የጎደለው በብዛት ይተካል፤
ግማሽ ጭነት ያዘለ ላማ ከተመላለሰ፣
ገበያው ጠገበ፣ መንገዱ ፈረሰ።

ሳንባዬ ደግሞ፣ ያ የደነገጠው፣
ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ አመዱን ጠረገው፤
አመድ የምለው ያን የተቃጠለ አየር፣
እሱ ሲያንስ መልሶ ይጠብባል የደም ስር።
አንዱ «ክፈት» ሲለው፣ አንዱ «ዝጋ» ሲለው፣
በሁለት ጌቶች መሃል በረኛው ጨነቀው።
ለካ ጭንቅላት የሚባል ጭንቅ ስላለው ነው።

እጥረት ሲብስ ደግሞ እኩል አይዳረስም፦
መጀመሪያ ለግንዱ፣ ትንፋሽ ለሚታዘዝበት፤
ስም፣ ቁጥር፣ የልጅነት ጨዋታ፣ የሰው ፊት
ወረፋ ይዘው ይቆማሉ በጓሮ በር።

መብራት አበራሁና ቅባቱን ቀባሁት፣
መሣሪያውን በገዛ ራሴ ላይ ደገንሁት፤
ሽው-ሽው-ሽው-ሽው-ሽው! ጎርፍ ነው የሰማሁት።

ጠዋት ስትመጣ ድምፁን አሰማኋት።
«የማን ነው ይህ ሁሉ?»
            «የኔ ነዋ» አልኋት።
«እንግዳ ነው ደምህ፤ እንግዳ ሲርበው ድስት ያንኳኳል» አለች፣
«የቤት ሰው ግን ያውቃል፣ ጓዳ ስንት ድንች እንደቀረች።»
ሦስት የኮካ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ
«አላምጥ» አለችኝ። አላመጥሁ።

ከዚያ ባሏን አመጣች። ፌርሚን ይባላል።
ከንፈሩ ሐምራዊ፣ ጥፍሩም ጠይሟል።
ሠላሳ ዓመት ተራራው «ደም ጨምር» ብሎት፣
ጨምሮ፣ ጨምሮ፣ ማር አሳክሎት።

ሽው…
            (ቆየሁ። ድምፁን ከፍ አደረግሁ።)
                        ሽው…

እንደ በጋ ወንዝ፣ ደለል እንደያዘው፣
በደም ተሞልቶ ደም እንዳልደረሰው፤
ወርቅ ሲቆፍር ኖሮ ብረት አከማቸ።

«ውረድ» አልሁት፣ «ዝቅ ወዳለ አገር።»
«እዚያ ማን ያውቀኛል?»
ጆሮው ሌሊት ሌሊት እንደሚጮህበት፣
የልጁ ስም አንዳንዴ እንደሚጠፋበት
እሱ አልነገረኝም። እሷ ነች፣ በር ላይ፣
ባርኔጣዋን አጥልቃ፣ ወደ ሌላ እያየች።

እኔማ ወረድሁ። ካያኦ ነኝ አሁን።
ትራስ ላይ ጋደም ብዬ አዳምጣለሁ ደሜን።
ምንም።
የጠገበ አንጎል ማን እንዳበላው አይጠይቅም፣
ሙሉ ወንዝ አይጮህም።
ብቻ አንዳንድ ሌሊት ማዕበሉ ሲመለስ፣
ሽው ሲል ድንጋይ ላይ፣ ሽው ብሎ ሲፈስ፣
ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ የሚቀጥለውን፣
የፌርሚንን።